በእርሳስ የተሰረዙ ሁለት አንቀጾች

አንድ ሰነድ ላረጋግጥ ውል ማጽደቂያ ቢሮ ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ፣ አግዳሚው ላይ የሰፈሬን አናጢ አገኘኋቸው። የቤቴን በሮች በሙሉ የሠሩልኝ እሳቸው ናቸው። ጆሯቸው ላይ ወፍራም እርሳስ ሰክተዋል፤ እጃቸው ላይ ስድስት ገጽ ውል ይዘዋል። ከፊታቸው የቆመችው ወጣት ጠበቃ፣ የልጃቸው አብሮ አደግ፣ ፊቷ በርበሬ መስሏል።

«ምነው፣ ደህና አይደላችሁም እንዴ?» አልኳቸው።

«ምን ደህና አለ! ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ አንቀበልም ብለው መለሱን እኮ።»

«ማን ሰረዘው?»

«እኔ ነኛ!» አሉ፣ ቅንጣት ሳያፍሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ማዶ ዘጠኝ ዓመት የቆየች አንዲት ልጃቸው ልትመለስ ነው። ከቤታቸው ሥር ያለውን ክፍል ከአባቷ ለአሥር ዓመት ተከራይታ ልብስ ስፌት ልትከፍትበት፣ ለዚህችው ጠበቃ ጓደኛዋ ውክልና ሰጥታ ውል አሰናድታለች። ውሉ ካልጸደቀ የንግድ ፈቃድ አይወጣም፤ ፈቃድ ካልወጣ ደግሞ የስፌት መኪናዎቿን ይዛ መግባት አትችልም። አባት ግን ውሉን ሲያነቡ ሁለት አንቀጾች ላይ ደማቸው ፈላ። አንዱ፣ ክርክር ቢነሣ የትኛው ፍርድ ቤት፣ በየትኛው አገር ሕግ እንደሚያየው ይናገራል። ሌላው፣ ሕግ ቢለወጥ ምን እንደሚደረግ ይናገራል። ሁለቱንም በዚያ ወፍራም እርሳስ ድራሻቸውን አጥፍተዋል።

«አባባ፣ እኔ እኮ ክፉ አስቤ አልጻፍኩትም» አለች ጠበቃዋ።

«አልተቀየምኩሽም፣ ልጄ። ግን አባትና ልጅ ገና ሳይገናኙ ፍርድ ቤት መሃላቸው ምን ይሠራል? ዘጠኝ ዓመት ድምፅዋን በስልክ ስሰማ ኖሬ፣ አሁን መጣሁ ስትለኝ በክስ ልቀበላት? ጠዋት ጠዋት የዚያን ክፍል መስኮት እከፍታለሁ። ስትመጣ እንዳይሸታት ብዬ። ናፍቃኛለች፣ በቃ።»

ናፍቆታቸው ገባኝ። ይሁን እንጂ እንደ እኔ ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያገለገለ ሰው እንዲህ ያለ ስርዝ አይቶ ዝም ማለት አይሆንለትም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከወንድምዎ ጋር የነበራችሁ ውል ስንት ገጽ ነበር?» አልኳቸው።

«ግማሽ ገጽ» አሉ፣ የያዙትን ስድስት ገጽ እያገላበጡ። «እኔው ነኝ የጻፍኩት።»

የክሳቸውን መዝገብ አስታውሰዋለሁ። እሳቸው እዚህ ቤታቸው የእንጨት ዕቃ እየሠሩ፣ ወንድምየው በሚኖርበት ሌላ ከተማ ይሸጥ ነበር። ኋላ በመኖሪያ ቤት የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን መትከልን የሚከለክል ደንብ ወጣ። ስለዚህ ጉዳይ ውሉ ትንፍሽ አይልም። አንደኛው ውሉ ፈርሷል አለ፤ ሌላው ቦታ ቀይረን እንቀጥል አለ። እሳቸው እዚህ ከሰሱ፣ ወንድምየው እዚያ። ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የማን ነው በሚል ብቻ አራት ዓመት አለፈ። የዋናው ጉዳይ ተራ ሳይደርስ ሁለቱም ሰልችቷቸው ተዉት።

«ከዚያ ወዲህስ ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ?»

«የት አባቱ! አሥራ አንድ ዓመት ሆነን።» ድምፃቸው ቀነሰ። «ረጅም ጣውላ ባነሣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ያኛውን ጫፍ የሚይዘው እሱ ነበር።»

ጠበቃዋ ከጎናቸው ቁጭ አለች።

«አባባ፣ ያኔ ይሄ የሕግ ለውጡ አንቀጽ ቢኖር ውሉ በሙሉ አይፈርስም ነበር። ሕጉ የነካው ክፍል ብቻ በሦስት ወር ውስጥ ይስተካከላል፤ ሌላው እንዳለ ይቀጥላል። ነገ የስፌት ሥራ ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል ቢባል፣ ፈቃዱን ታወጣለች እንጂ ጓዟን ጠቅልላ አትሄድም።»

«አትሄድም?»

«ሕግ ተለወጠ ተብሎ አትሄድም።»

«ያኛውስ፣ የፍርድ ቤቱ?»

«የሚሠራው የዚህ አገር ሕግ ነው። የሚዳኛችሁም ቤቱ ያለበት ከተማ ፍርድ ቤት ብቻ ነው። እሷ እዚያ፣ እርስዎ እዚህ መካሰስ የለም።»

አናጢው እርሳሱን ከጆሯቸው አውርደው ኪሳቸው ከተቱት።

«እንዲያ ከሆነ፣ ብንጣላ እንኳ የምትመጣው እዚሁ ነው ማለት ነው?»

«እዚሁ ነው። ደግሞ ከመካሰሳችሁ በፊት ቤቱ ውስጥ በአካል ተገናኝታችሁ ሠላሳ ቀን መነጋገር አለባችሁ።»

አንባቢ ሆይ፣ ብዙዎቻችን ውል ስንጽፍ ስለ ጠብ ማንሣት ጠብ መጥራት ይመስለናል። ሕግ አውጪ እኛን ሳያማክር ሕግ ይለውጣል፤ ሰውም አገር ይቀይራል። የት እንደምንዳኝና ሕግ ሲለወጥ ምን እንደምናደርግ ፍቅር ሳለ ከተስማማን፣ ሥራችን በአንድ ደንብ አይፈርስም፤ ዕድሜያችንም በቀጠሮ አያልቅም። ከሁሉ በላይ ዘመዳችን ይተርፍልናል። ይህን መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ በዓይኔ አይቻለሁ።

ንጹሕ ቅጂ ታትሞ መጣ። አናጢው መስመር በመስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና የመነጋገሪያው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ልጄ፣ ሠላሳ ቀን ምን ትሆናለች? ስልሳ አድርጊልኝ።»

ጠበቃዋ ሳቋ አመለጣት። ያለ ደንበኛዋ ፈቃድ እንደማትለውጥ ነግራቸው እዚያው ደወለች። ብዙ አዳመጠች። ስልኩን ስትዘጋ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ምን አለች?» አሉ አናጢው፣ ከአግዳሚው እየተነሡ።

«ዘጠና አድርጊው አለችኝ።»

ዘጠና ተብሎ ተጻፈ። አባትም ፈረሙ።