የሚዜ ስድብ

የመልሱ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ደብረ ማርቆስ፤ የሙሽራዋ እናት ትርንጎ፣ የሰፈሩን ግጥም አውጪ ደብሪቱን ልትወስድ ቤቷ ገብታ ቆማለች።

ትርንጎ፦ ተነሽ እንጂ! እንግዶቼ መጥተው አንቺ ነጠላ ተከናንበሽ ትተኛለሽ?

ደብሪቱ፦ አልመጣም አልኩሽ። አሞኛል በያቸው።

ትርንጎ፦ ምንሽን?

ደብሪቱ፦ ምላሴን።

ትርንጎ፦ ኧረ በናትሽ! ድንኳኑ ጭር ብሏል። እነ የሻረግ ከበሮውን ታቅፈው ይተያያሉ። አላፊ አግዳሚው መልስ ነው ለቅሶ እያለ ነው።

ደብሪቱ፦ ይበል። እኔ ከእንግዲህ ሰው ፊት አፌን አልከፍትም። እሁድ የሠራሁትን አላየሽም?

ትርንጎ፦ ወግ ነው የሠራሽው። በር ይዘጋል፣ ሚዜ ይሰደባል፣ ይሳቃል፣ ይገባል። አለቀ።

ደብሪቱ፦ ዓይነ ስውር ይሰደባል? ሚዜ ሆኖ የመጣው የሙሽራው ታላቅ ወንድም ዓይኑ ጠፍቶ፣ እኔ ምን አልኩ?

ትርንጎ፦ ተይው አሁን።

ደብሪቱ፦ «ጥቁር መነጥር ሰክቶ በጥላ፣ በሩን ይዳብሳል ሳይቀምስ ጠላ!» ያውም ደጋግሜ! እናንተም እያጨበጨባችሁ ተቀበላችሁኝ። እኔ እኮ ሲጀነን መስሎኝ ነው። ሙሽራው ክንዱን ይዞ መርቶ ሲያስገባው ነው የገባኝ። ወይኔ ደብሪቱ! ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

ትርንጎ፦ ሳታውቂ ነው።

ደብሪቱ፦ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ለሱ ግን ማወቄም አለማወቄም ያው ነው፤ ድንኳን ሙሉ ሰው ሳቀበት። አሁን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? አይ፣ ደግሞ ዓይን አልኩ! አየሽ፣ ይሄ ምላስ መቆረጥ አለበት።

ትርንጎ፦ ደብሪቱ… እኔ አውቅ ነበር።

ደብሪቱ፦ ምኑን?

ትርንጎ፦ ዓይኑን። ሽማግሌ ሲልኩብን ጀምሮ አውቃለሁ። ሰፈሩ «ዘራቸውን ሳታጣራ ልጇን ሰጠች» እንዳይለኝ ፈርቼ ዋጥኩት።

ደብሪቱ፦ ከኔ? ጨው ካንድ ቤት ስንበላ ኖረን፣ ከኔ ደበቅሽ? ስገጥም አጠገቤ ቆመሽ አልነበር? ክንዴን ቆንጠጥ ብታደርጊኝ ምን ነበር!

ትርንጎ፦ አፈርኩ። ሰው ይሰማኛል ብዬ አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ኀፍረቱ የኔ ሆኖ ሳለ አንቺን አስተኛሽ።

ደብሪቱ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አሉ። አንቺ ደብቀሽ እኔን አሳመምሽኝ። በይ ሂጂ፣ እንግዶችሽን አስተናግጂ።

ትርንጎ፦ እንዴት ላስተናግድ? ሙሽሮቹ ገብተዋል፣ እሱ ግን በራፉ ላይ ቆሞ አልገባም ብሏል።

ደብሪቱ፦ አላልኩሽም? ቂም ይዟል! እውነቱን ነው።

ትርንጎ፦ እኔም መስሎኝ እግሩ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ያዘኝ። «ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ሰው ሁሉ እኔ ስመጣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እንደ ሰው የሰደበችኝ ያቺ ሴትዮ ብቻ ናት። እሷ መጥታ በር ካልዘጋችብኝ አልገባም» አለኝ።

ደብሪቱ፦ …እንደዚያ አለ?

ትርንጎ፦ ከነመነጥሩ ቆሞ እየጠበቀሽ ነው።

ደብሪቱ፦ ቆይ፣ ጫማዬን አቀብይኝ። ግን ትርንጎ፣ በማርያም ዛሬስ እውነቱን ንገሪኝ፤ አፍንጫው ደህና ነው?