ቤቷ ልትደርስ ስትል

ከሽሮ ሜዳ በሚወርደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ አጠገቧ ያለውን ወጣት ትሞግተዋለች።

«ፊልሜን ራስህ መርጠህ ፕሮግራም ካስገባኸው በኋላ፣ ለምን ሊያልቅ ሲል አቆምከው?»

«ድምፁ የተበላሸ መስሎኝ ነዋ! ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኝ ጀመር።»

«የፊልም ግጥም ነው ብዬህ አልነበር?»

«ሙሉውን ሳላየው ነው የመረጥኩት፤ ግጥም ስትዪ መጨረሻው ላይ እንኳ የሚነበብ ነገር ይኖራል ብዬ ነው።»

«እናቴ እንጨት ተሸክማ ከእንጦጦ ስትወርድ ታወራለች እንዴ? ትንፋሿን ነው የምትቆጥበው። እኔም እሱን ነው የቀረፅኩት።»

«እሳቸውም አዳራሽ ነበሩ?»

«ነበረች። ‹ቤቴ ልደርስ ስል አቆሙኝ› አለች።»

«በቃ፣ ይቅርታ። ቅዳሜ ከመጀመሪያው አሳየዋለሁ።»

«እንደገና ጫካ ልትመልሳት? ካቆምካት ቀጥል!»

ሹፌሩ ሙዚቃ ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ፣ እንዲተወው በልቤ ለመንኩት።