ምርቃቱን የወሰደችው በቅሎ

ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንዲት ነርስ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር።

"አባባ፣ በቆጂ ለምን ጉዳይ ነው?" አለቻቸው።

"ለሽምግልና ነው ልጄ። የወንድሜን ልጅ ባሏ በሠርጓ ዕለት ጥሏት ሄደ።"

"ምን አጠፋች?"

"እሷማ ምን ታጠፋለች! ጥፋቱ የአባቷ ነው። ልጅ ሆኖ ቄስ ትምህርት ቤት ሳለ አብሾ ጠጥቷል።"

"ያ ትምህርት ይገልጣል የሚባለው ዕፅ?"

"አዎ፣ ድሮ ብዙ ተማሪ ይሞክረው ነበር። ወንድሜም ዳዊቱን ባንድ ክረምት በቃሉ ያዘው። ግን አብሾ የጠጣ ሰው መጠጥ ከቀመሰ ያብዳል ይባላል።"

"መርዝ እኮ ነው አባባ! ሠርጉ ላይ ቀመሱ?"

"አንድ ብርጭቆ ጠላ። ከዚያ ተነሥቶ ለሙሽራዋ የተጫነችውን በቅሎ ሙሽራው መስላው አቀፈና 'ልጄን ሰጥቼሃለሁ፣ ውለዱ ክበዱ!' ብሎ መረቃት።"

"በቅሎ ትወልዳለች እንዴ! ሙሽራው አልሳቀም?"

"ምን ይስቃል! በቅሎዋ አሜን እንደሚል ሰው አንገቷን ነቀነቀች። 'ምርቃቴን ወሰደችብኝ' ብሎ ሚዜዎቹን ይዞ እብስ አለ።"

"ታዲያ ወንድምዎ እንደገና ቢመርቁትስ?"

"ሙሽራው እምቢ አለ። የወሰደችው እሷ ናት፣ ራሷ መጥታ ትመልስልኝ ነው የሚለው።"

"በቅሎ እንዴት አድርጋ ነው ምርቃት የምትመልሰው?"

"እኛም አናውቅም። ልጅቷ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እያለቀሰች ነው። ምን እናድርግ? ወንድሜ በቅሎዋን በአይሱዙ ጭኖ ከኋላችን እየመጣ ነው።"

እኔም አንገቴን አዙሬ በኋላው መስታወት መንገዱን መመልከት ጀመርኩ።