የሃምሳ አለቃ ኩማ ዳንጊሶ ሕይወትና የዚያች ቅዳሜ እውነት

ሃምሳ አለቃ ኩማ ዳንጊሶ ከአባታቸው ከአቶ ዳንጊሶ ሀሜሶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካሰች ቡናሮ በ1938 ዓ.ም. ቡሹሎ፣ እዚሁ አዋሳ ሐይቅ ዳር ተወለዱ። መረብ መጣልንና ጉማሬ ከውሃ የሚወጣበትን ሰዓት ለይቶ ማወቅን የተማሩት ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ሲሆን፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ሲማሩም መምህራቸው ከክፍል ይልቅ ሐይቁ ዳር ይፈልጓቸው እንደ ነበር ራሳቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር።

በ1957 ዓ.ም. በውትድርና ተቀጠሩ። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ወደ ምሥራቅ ዘምተው፣ ጅጅጋ አካባቢ በአንድ ምሽግ አብረዋቸው ከነበሩት አሥራ አንድ ሰዎች ዘጠኙ በመድፍ ሲበጣጠሱ፣ እርሳቸው ግራ ክንዳቸው ተሰባብሮ እየተንጠለጠለ በቀኝ እጃቸው አንድ ቁስለኛ ጎትተው ወጡ። ክንዱ በኋላ ተቆረጠ። በ1971 ዓ.ም. ወደ አዋሳ ተመልሰው በጥበቃ ሥራ ተቀጠሩ፤ ወይዘሮ ሮማንን አግብተውም ታቢታን ወለዱ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ቤት ውስጥ የሚያገኛቸው አልነበረም፤ ታቦር ተራራ ላይ ችግኝ ሲተክሉ፣ ልጆች ዋና ሲያስተምሩ ይውላሉ፤ ሰው ሰጠመ ሲባልም ከሁሉ ቀድመው የሚዘሉት እኚሁ ባለ አንድ እጅ ሰው ነበሩ። ለዚህ ሁሉ ከማንም ምንም ተቀብለው አያውቁም።

እስከዚህ ያነበብኩት ቤተሰቡ አይቶ የተስማማበት ነው። የሚቀጥለውን የጻፍኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ጽጌሬዳ፣ የወይዘሮ ሮማን ታናሽ እህት፣ የቀበሌያችን ጸሐፊ። በሰው ፊት መናገር እንደማልችል ታውቃላችሁና ቀና ሳልል ላንብበው።

ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳ የሚካሄድበትን ቀን የሚገልጸው ደብዳቤ በእኔ እጅ ያልፍ ነበር። ቀኑን ለጋሼ ኩማ በድብቅ እነግራቸዋለሁ፤ እርሳቸውም በዚያ ቀን የሰፈሩን ወጣቶች «ዓሣ ልናጠምድ ነው» ብለው በጀልባ ወደ ማዶ ያሻግሯቸዋል። ሰው ሁሉ የሽርሽር ፍቅር ይመስለው ነበር።

ግንቦት 1980 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ አፈሳው ጠዋት ነው ብዬ ነገርኳቸው። በማለዳ ተሻገሩ፤ የሚመለሱት አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ስምንት ሰዓት ሲሆን አፈሳው ወደ አሥር ሰዓት መዛወሩን፣ ቦታውም ጀልባዎች የሚቆሙበት ዳርቻ መሆኑን ቢሮ ውስጥ ሰማሁ። ሮጬ ሄጄ ከዳር ነጠላዬን ባውለበልብ፣ ሲቃረቡ አይተው ወደ ማዶ ይመለሱ ነበር፤ ምልክታችን ያ ነበር። ክፍሉን ግን የታጠቁ ወንዶች ሞልተውታል። ሽንት ቤት ልሂድ ብል ማንም አይከለክለኝም። ያንን ቃል በእነዚያ ሁሉ ወንዶች ፊት ማውጣት አፈርኩ። ብድግ ልል እያልኩ፣ ቀሚሴን እያስተካከልኩ፣ መልሼ እየተቀመጥኩ አሥር ሰዓት ሞላ።

ዳር የነበሩ ዓሣ አጥማጆች እንደ ነገሩኝ፣ ጀልባው ሲጠጋ የአብዮት ጥበቃ ታጣቂዎቹ ከዳርቻው ደንገል ውስጥ ወጡ። የእትዬ ሽታዬ ልጅ ታምሩ ወደ ውሃው ሲዘል አንገቱን በጥይት መቱት። ጋሼ ኩማ ተከትለው ዘለው፣ የልጁ ደም አፋቸው ውስጥ እየገባ እየተፉ፣ «አትተኩሱ፣ ልጅ ነው! ልጅ ነው እኮ!» እያሉ በአንድ እጃቸው አወጡት። በሰደፍ ጥርሳቸውን አረገፉት። ታምሩ አሸዋው ላይ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ፤ ሌሎቹ ስድስቱ ታፈሱ።

ጋሼ ኩማን ሰባት ወር አስረው ውስጥ እግራቸውን በኤሌክትሪክ ገመድ ሲገርፏቸው ጥያቄው አንድ ነበር፤ ቀኑን ማን ነገረህ? ስንቅ ይዤ ሄጄ ባለቅስ፣ «ጽጌ፣ እኔ መድፍ ያልጨረሰኝ ሰውዬ ነኝ፤ የእነዚህ ገመድ ምን ያደርገኛል? አንቺን ግን አንድ ሌሊት አያቆዩሽም። ዝም በይ» አሉኝ።

ዝም አልኩ። ሲፈቱ ልጆቹን ሸጠው ነው የወጡት ተባለ። እትዬ ሽታዬ በራችን ላይ ቆመው፣ «አንተ ቆራጣ! ልጄን ገብረህ ነው የወጣኸው?» ሲሏቸው አንገታቸውን ደፍተው አለፉ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ያኔም ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ታቦርን መውጣት አልቻሉም። ከድብደባው የጀመራቸው የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው ኅዳር 3 ቀን 1983 ዓ.ም. በአርባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሮማንን፣ ልጃቸውን ታቢታንና ለሁለት ዓመት ስማቸውን ያስጠፋሁባቸውን እኔን ትተው ሄደዋል። የቀበሌያችን ሊቀ መንበርም እዚህ ቆመው ሰምተዋል፤ ቤቴን ያውቁታል።

እትዬ ሽታዬ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ መቆምዎን አይቻለሁ። አፈሩ ከመመለሱ በፊት እዚህ ከሮማን አጠገብ ይምጡ፤ ቦታው የእርስዎ ነው፣ እኔ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። እግዚአብሔር የጋሼ ኩማን ነፍስ በሰላም ይቀበል፤ የታምሩንም። የእኔን ነገር እርስዎ እንደ ፈቀዱ።