ሦስቴ የሸጥኩት የቅርጫ መደብ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ጎረቤቴ የነበሩት ጋሽ ደምሴ፣ ደርግ ወርሶ ባዶ እጃቸውን ሳያስቀራቸው በፊት የፋብሪካ አክሲዮን ይገዙና ይሸጡ ነበር። «አክሲዮን ምን ዓይነት ነገር ነው?» ብላቸው ለፋሲካ የገባንበትን የቅርጫ በሬ አሳዩኝ። «ይኸው ነው፤ ሳይታረድ፣ እየወፈረ ሲሄድ መደብሽን አትርፈሽ ትሸጫለሽ።» እኔም ደስ ብሎኝ በሬው በወፈረ ቁጥር ሸጥኩ። የሚታረድ ለት ሦስት ሴቶች ሳፋ ሳፋቸውን ይዘው ከተፍ አሉ።

«አንቺ ሴት፣ አንዱን መደብ ለሦስት ሰው ሸጥሽ?» አሉ ጋሼ ራሳቸውን ይዘው።

«ሦስቴ ወፍሯላ።»

የእኔ መደብ አልበቃ ሲል የራሳቸውን ጨምረው ለሦስቱ አካፈሉልኝና ፋሲካን ሁለታችን በሽሮ ፈሰክን። እኔ ግን ግራ እንደገባኝ ነው። «ጋሼ፣ ያንን አክሲዮንዎን ደርግ የወረሰብዎ ስንቴ ሸጠውት ነው?» አልኳቸው። ጉርሻቸውን ወደ ትሪው መለሱት።