ቀበሮዋ ያሰረችው ሻሽ

ወይዘሮ ጉድቬይግ መኪናቸውን ከመሻገሪያው ጀልባ ሆድ አቁመው ወደ ላይኛው ሳሎን ሲወጡ፣ የእህታቸውን ልጅ ሱኒቫን መስኮቱ ጥግ ተቀምጣ አገኟት። ቢፈላለጉ ኖሮ እንዲህ ባልተገጣጠሙ። መገጣጠሙ ደግሞ ለሁለቱም አልተመቸም፤ ጉድቬይግ የዚያን ዕለት ማታ ከፊዮርዱ፣ በተራሮች መካከል ከገባው ባሕር፣ ማዶ የሚሰበሰበው የሸለቆው ባህል ልብስ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሲሆኑ፣ የስብሰባው ጉዳይ ሱኒቫ ነበረች።

እውነቱን ለመናገር ጉዳዩ ሱቋ ነበር። ሱኒቫ በርገን ከተማ የልብስ ንድፍ ተምራ ስትመለስ፣ በአንድ የኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ የልብስ ሱቅ ከፈተች። ከልብሶቿ ሁሉ የሚፈለገው የሸለቆው ቡናድ፣ ያ ለሠርግና ለበዓል የሚለበሰው ባለጥልፍ ቀሚስ ነው። ኮሚቴው ካልወደደው አወርደዋለሁ ብላ ቃሏን ሰጥታለች፤ ያ ከወረደ ሱቁም አይቆምም።

«ጤና ይስጥልኝ አክስቴ» አለች ብድግ ብላ። «ስቬሌ ላምጣልዎ? ቅቤና ስኳር ያለውን?»

«አምጪ። ግን በጣፋጭ ቂጣ የምገዛ እንዳይመስልሽ።»

«ማን ደፍሮ። የቡናድ ፖሊስ ጉቦ አይበላም ይላሉ።»

ይህ ስም ከጀርባቸው እንደሚነሳ ጉድቬይግ ያውቁ ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ ደስ ይላቸዋል። በግንቦቱ የብሔራዊ በዓል ሰልፍ መካከል የቄሱን ባለቤት አስቁመው፣ «ከቡናድ ጋር የፀሐይ መነጽር አይደረግም» ብለው መነጽሯን ኪሳቸው የከተቱ ሴት ናቸው።

«እስቲ ንገሪኝ» አሉ ስቬሌው ሲቀርብላቸው፣ «የማይዳሰስ ልብስ ምን ልብስ ይባላል? ብርድ አይከላከል፣ አይታጠብ፣ ለልጅ አይወረስ።»

«ጨዋታው ውስጥ ሰው አምሳያ አለው። በአምሳያው ገበያ ይወጣል፣ ይጨፍራል፣ ወዳጅ ያፈራል። ታዲያ ራቁቱን ይውጣ? እርስዎ እንኳ ፖስታ ሊያነሱ እስከ በር ሲወጡ ፀጉርዎን ያበጥራሉ።»

«ጎረቤት ያየኛላ።»

«እዚያም ጎረቤት አለ።»

ጉድቬይግ ቂጣቸውን ቆርሰው ጎረሱ።

«ሱቁስ ምን ሥራ አለው? ሥዕል ሰቅሎ መተኛት ነው።»

«እኔም እንዲያ መስሎኝ ነበር። ከገበያው አደባባይ ቦታ ተከራየሁና ፋኖስ፣ ምንጣፍ፣ ፏፏቴ ሳይቀር አጨቅሁበት። ሱቁ ከበደ፤ የገባው ሁሉ ስልኩ እየቆመበት ልብስ ሳያይ ወጣ። ግማሹን አውጥቼ ጣልኩት። ቀሚሱም ቆመው ሲያዩት ያምራል፣ ሲቀመጡ ግን ጉልበት ሽርጡን ሰንጥቆ ብቅ ይላል። እሱን አስተካክዬ ለቀጭኑም ለወፍራሙም ለየብቻ አዘጋጀሁ። አሁን ገዢው ደረቱ ላይ ‹መሞከሪያ› ተብሎ የተጻፈበትን በነጻ ለብሶ ያያል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ቅሬታ እመልሳለሁ።»

«የምን ቅሬታ?»

«ጭራ ላለው ቀዳዳ ይውጣለት የሚል አለ።» ሱኒቫ ስልኳን ዘረጋች። «ሰው የወደደውን መልክ ይይዛል አክስቴ። ይኸው፣ አሁን አንዷ ገብታለች።»

በስልኩ ላይ በሁለት እግሯ የቆመች ቀይ ቀበሮ የሸለቆውን ቡናድ ለብሳ፣ ነጭ ሽብሽብ ሻሽ አስራ ትሽከረከራለች።

ጉድቬይግ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ቀበሮ ናት።»

«ናት።»

«ያሰረችው ያገባች ሴት ሻሽ ነው። ይህች ቀበሮ አግብታለች?»

ሱኒቫ ቀላች። «የባለትዳር ብቻ መሆኑን አላውቅም ነበር። አምሮኝ ነው የሠራሁት።»

«በርገን ታዲያ ምን ስታስተምርሽ ከረመች?»

«በርገን የራሷን። የእኛን ማን ይንገረኝ? ናሙናው ኮሚቴው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ቁልፉ እርስዎ ቦርሳ ውስጥ።»

«ሰው እንዳያበላሸው ነዋ።»

«በመከር የጥልፍ ትምህርት ስትከፍቱ ስንት ሰው መጣ?»

«ሁለት።»

«አንዷ የመጣችው ለኬኩ ነው።»

«ኬኩ ጥሩ ነበር» አሉ ጉድቬይግ ቀዝቀዝ ብለው። ቀጥለውም፣ «ለዚያች ቀበሮ ጻፊላት፤ ሻሹን ታውርድ።»

«ራስዎ ይንገሯት።»

ጉድቬይግ ስልኩን ተቀብለው በአንድ ጣት ጻፉ፦ «ሻሹ ላገባች ሴት ነው። አግብተሻል?»

የጠበቁት ጠብ ነበር፤ በሰልፍ ላይ የሚገስጹት ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞርባቸዋል። መልሱ ግን ሌላ ሆነ። «አላገባሁም፤ የሚነግረኝ አጥቼ ነው። ያላገባች ምን ታደርጋለች?»

«ፀጉሯን ጎንጉና በቀይ ጥብጣብ ታስራለች።»

«ጥብጣቡ የሚቋጠረው በቀኝ ነው በግራ?»

ጉድቬይግ ይህን ጥያቄ የሚጠይቃቸው ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ አልገጠማቸውም። ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያም በሸለቆው እንግዳ ሁሉ የሚጠየቀውን ጠየቁ፦ «የማን ልጅ ነሽ?»

ከቀበሮዋ ጀርባ ያለችው ሴትዮ ሐመርፌስት በምትባል የሰሜን ከተማ የአውቶቡስ ሹፌር ናት። የእናቷ እናት የሸለቆው ልጅ ነበረች፤ ለዓሣ ሥራ ወደ ሰሜን ሄዳ እዚያው ቀረች። «ልብሱ ይገባኝ አይገባኝ አላውቅም» ብላ ጻፈች። «አስፍቼ ከምዋረድ፣ መጀመሪያ ሰው በማያውቀኝ ቦታ ልሞክረው ብዬ ነው።»

ጉድቬይግ ሁለቴ አነበቡት። ደንቡ ራሱ ሰው የአያቱን አገር ልብስ ይልበስ ይላል። ደንብ ጠባቂዋ በር ዘግተው ሲቀመጡ፣ ባለመብቷ የቀበሮ ቆዳ ውስጥ ተሸሽጋ ደጅ ትጠና ኖሯል።

ጀልባው ወደቡን ነካ። ከታች የመኪና ጥሩምባ ተደባለቀ።

«አክስቴ፣ የእርስዎ መኪና ከፊት ነው፤ መንገድ ዘጋን።»

«ይጠብቁ። ጥብጣቡን አልጨረስኩላትም።»

ማታ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ጉድቬይግ ክሱን ሊያሰሙ ተነሥተው ጠበቃ ሆኑ። ሻሹ ከሱቁ ይውረድ፣ ትርጉሙ ተጽፎለትም ለሚገባው ብቻ ይመለስ አሉ። የቀረው ይቆይ፤ ቁም ሣጥኑም ለሱኒቫ ይከፈትላት። ሰው በውርስ ያልደረሰውን በገበያ ይሰማል፤ በሰልፍ የሚያፍር በሱቅ ይጠይቃል፤ ሩቅ የቀረ ዘመድ ዘሩን ያገኛል፤ የተማረች ልጅም እንጀራዋን ፍለጋ ሸለቆዋን አትለቅም። ይህ ሁሉ ጥቅም በአንድ ሱቅ መገኘቱን ሲያስረዱ፣ እስከ ትናንት ይህንኑ ሱቅ ሲያወግዙ የሰማቸው ሁሉ ጆሮውን ተጠራጠረ።

«ጨርሶ ባዕድ የሆነ ቢለብሰውስ?» አሉ ሽማግሌው ቶርላይቭ።

«ጠይቆ የለበሰ እንግዳችን ነው» አሉ ጉድቬይግ ወንበራቸውን እየሳቡ። «ሳይጠይቅ ለለበሰው ደግሞ እኔ አለሁለት። ከዛሬ ጀምሮ ሱቁ በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።»