ወንጪ ላይ ያገኘነው ሙሽራ

አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ ከአምቦ ንቅንቅ ብላ አታውቅም ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን "ሐይቁን አየት አድርገን እንመለስ" ብዬ ለምኜ ወንጪ ወሰድኳት። ከጀልባ ወርደን ዳር ዳሩን ስንሄድ፣ ያገሩ ሰው በጣም ይወደው የነበረ የአንድ ሟች ዘፋኝ ቤት ሙዚየም ሆኖ አገኘነው። የምታስጎበኘው እህቱ ናት። ክራሩንና ካሴቶቹን ስታሳየን እናቴ አንድ ፎቶ ፊት ቆማ ቀረች። ዘፋኙ ሰርግ ላይ ይዘፍናል፤ ከኋላው ሙሽሮቹ ይስቃሉ።

"ይሄ ሙሽራ እኮ ባሌ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ሙሽራዋም እኔ ነኝ።"

ምን ልበላችሁ፣ ክው አልኩ! ቤታችን የሰርጋቸው ፎቶ የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም። አስጎብኚዋ ፎቶውን ከግድግዳው አወረደችና "እንኩ አዴ፣ የእርስዎ ነው፤ ይውሰዱት" አለቻት። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ መስታወቱን ጠረግ ጠረግ አድርጋ የአባቴን ፊት በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ መልሳ ሰጠቻት።

"እዚሁ ይሁን እህቴ። እቤት ከወሰድኩት ሟች ነው፤ እዚህ ግን እየተዘፈነለት ነው።"

አምቦ እስክንገባ ድረስ ስለዚያ ሰርግ ስታወራኝ መጣች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስሙን ስትጠራ የሰማሁት ያን ቀን ነው።